ቀላል አውሮፕላንን ከከፍተኛ ቦታ ማስነሳት፦ አብራሪዎች የሚሳሳቱባቸው ደረጃዎችና እርምታቸው

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ባለ አንድ ሞተር ቀላል አውሮፕላን ለሚያበሩና በሥልጠና ላይ ላሉ ሰዎች ነው። መነሳት ከማረፍ የቀለለ ስለሚመስል ሠልጣኞች ማረፍን ቀን ከሌት ይለማመዳሉ፤ መነሳትን ግን ወደ ልምምዱ መግቢያ በር ብቻ አድርገው ያልፉታል። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ማኮብኮቢያው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ማኮብኮቢያው ላይ የሚታየው ውጤቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ረጅሞቹ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ያሉት ናቸው።

ለምሳሌነት 180 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሴስና 172ኤስ እና ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወስጃለሁ። ምሳሌው በተለይ የሚጠቅመው በባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ለምሳሌ በፍሎሪዳ ወይም በዱባይ ሠልጥነው ወደ ደጋ ለሚመጡ አብራሪዎች ነው፤ እጃቸው የለመደው ጉልበት ደጋ ላይ አይገኝም። የእርስዎ አውሮፕላን መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ ጽሑፍ የተለየ ቁጥር ከሰጠ መጽሐፉን ይከተሉ።

ደረጃ 1፦ ስሌቱን በወረቀት ላይ ይሥሩ

*የአየሩን ከፍታ ያግኙ*

አውሮፕላን የሚነሳው በካርታ ላይ ከተጻፈው ከፍታ ሳይሆን አየሩ ከሳሳበት ከፍታ ነው። ይህ ከፍታ ዴንሲቲ አልቲትዩድ ይባላል፤ የአየሩ እፍግታ ከስንት ጫማ ከፍታ ጋር እንደሚመሳሰል የሚናገር ቁጥር ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ያስሉት።

1. አልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) 1013 ሄክቶፓስካል ላይ ያድርጉና የሚያሳየውን ቁጥር ይጻፉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ካልሆኑ ከአየር ሁኔታ ዘገባው የቀኑን ግፊት ወስደው ከ1013 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ሄክቶፓስካል 30 ጫማ ያህል ከማረፊያው ከፍታ ይቀንሱ፤ ከ1013 በታች ከሆነ ይደምሩ። ግፊቱ 1023 ከሆነ ቦሌ 7,325 ጫማ ይሆናል።
2. በዚያ ከፍታ ሊኖር የሚገባውን መደበኛ ሙቀት ያግኙ። ከባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ተነሥተው ለየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሱ። በ7,325 ጫማ መደበኛው ሙቀት 0 ዲግሪ ገደማ ነው።
3. ቴርሞሜትሩ ከሚያሳየው ላይ መደበኛውን ቀንሰው ልዩነቱን በ120 ያባዙ። ሙቀቱ 24 ዲግሪ ከሆነ 24 ሲባዛ በ120፣ 2,880 ጫማ ይሆናል።
4. ሁለቱን ይደምሩ፦ 7,325 እና 2,880 ሲደመሩ 10,200 ጫማ ገደማ ይሆናሉ።

ስለዚህ በሚያምር ፀሐያማ ከሰዓት በኋላ ቦሌ ላይ የቆመው ሴስና የቆመው አሥር ሺህ ጫማ ላይ እንደሆነ ይቁጠሩት። በዚያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ቢሆን ቁጥሩ ወደ 8,800 ጫማ ይወርዳል። አንድ ሺህ አራት መቶ ጫማ በነጻ የሚገኘው ማልዶ በመነሣት ብቻ ነው፤ ይህን ያህል የሚሰጥ ሌላ ዘዴ አላውቅም።

*ሞተሩና ክንፉ ምን እንደቀራቸው ይወቁ*

ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በ10,200 ጫማ 180 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 125 ገደማ ይወርዳል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው የሳሳ አየር ነው፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም በእውነተኛ ፍጥነት የበለጠ መሮጥ አለበት። ሦስቱ ጉድለቶች የሚመጡት አንድ ላይ ስለሆነ የመንደርደሪያው ርቀት ከሞተሩ ኪሳራ በላይ ይረዝማል።

*ሠንጠረዡን ሳይሳሳቱ ያንብቡ*

በመመሪያ መጽሐፉ የመነሻ ርቀት ሠንጠረዥ መሠረት፣ በባሕር ጠለል መደበኛ አየር፣ በሙሉ ክብደት፣ ሴስና 172ኤስ መሬት ላይ የሚንደረደረው 960 ጫማ ሲሆን የ50 ጫማ መሰናክል አልፎ ለመውጣት ደግሞ 1,630 ጫማ ይፈልጋል። ብዙዎች ይህን ቁጥር በቃላቸው ይዘው ደጋ ላይ ይጠቀሙበታል፤ የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ከሠንጠረዡ ሁለት ረድፎች መካከል ሲወድቁ ወደ ታችኛው ማጠጋጋት ነው። ሁልጊዜ ወደ ከፍተኛው ከፍታና ወደ ከፍተኛው ሙቀት ያጠጋጉ። ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው፤ ሠንጠረዡ የተሠራው ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ጠፍጣፋ) 10 ዲግሪ ወርዶ፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ተስተካክሎ፣ ፍሬኑ ከመለቀቁ በፊት ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ደርሶ፣ በደረቅና ጠንካራ ማኮብኮቢያ ላይ ነው። እርስዎ ይህን ካላደረጉ ቁጥሩ የእርስዎ አይደለም።

ከሠንጠረዡ የወጣውን ርቀት በዚህ ቅደም ተከተል ያርሙ።

1. የፊት ንፋስ ካለ ለየ9 ኖቱ (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ማለት ነው) 10 በመቶ ይቀንሱ። የኋላ ንፋስ ካለ ለየ2 ኖቱ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ይህም እስከ 10 ኖት ድረስ ብቻ ይሠራል። ሁለቱን ቁጥሮች ያነጻጽሩ፤ የኋላ ንፋስ የሚጎዳው የፊት ንፋስ ከሚጠቅመው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።
2. ማኮብኮቢያው ደረቅ ሣር ከሆነ የመሬት ላይ መንደርደሪያውን 15 በመቶ ይደምሩ። እርጥብ ሣር፣ ጭቃ ወይም ለስላሳ አፈር ከዚያ እጅግ ይብሳል፤ በክረምት ዝናብ በጠጣ የገጠር ሜዳ ላይ ቁጥሩን አስተካክዬ እነሳለሁ ከማለት ሜዳውን በእግር ሄደው ይዩት፤ ጫማዎ የሚሰምጥ ከሆነ አይነሡ።
3. በመጨረሻ የተገኘውን በ1.5 ያባዙ። የመጽሐፉ ቁጥር የተገኘው በአዲስ አውሮፕላንና በሙከራ አብራሪ እጅ ነው።

*ርቀቱ ቢበቃም መውጣቱን ያስሉ*

ቦሌ ላይ ከ3,700 ሜትር ያላነሰ ማኮብኮቢያ አለ። ለቀላል አውሮፕላን ይህ ከበቂ በላይ ስለሆነ አብራሪው ስሌቱን ይተወዋል፤ ማኮብኮቢያው ረጅም የሆነው አየሩ ለትልልቆቹም ስለሳሳ እንደሆነ አያስብም። በረጅም ማኮብኮቢያ ላይ አደጋው ከመሬት አለመነሳት ሳይሆን ከተነሱ በኋላ አለመውጣት ነው።

የዚህ አውሮፕላን የባሕር ጠለል አወጣጥ በደቂቃ 730 ጫማ ነው፤ 14,000 ጫማ ላይ ሲደርስ 100 ብቻ ይቀረዋል። በመካከሉ በቀጥታ ቢሰላ በ10,200 ጫማ ዴንሲቲ አልቲትዩድ ወደ 270 ጫማ ይሆናል። በዚያ ሁኔታ አውሮፕላኑ በደቂቃ 2.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ሲሄድ የሚወጣው 82 ሜትር ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከማኮብኮቢያው ጋር ያለው ልዩነት ከ2,000 ጫማ ይበልጣል። መንገድዎን በካርታ ላይ ሲያሰምሩ ተራራውን ለማለፍ ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግዎ ይጻፉ፤ ካልበቃ መጀመሪያ ወደ ዝቅተኛው ወገን ወጥተው ከፍታ ይሰብስቡ።

*ክብደቱን በሚዛን ይመዝኑ*

የ172ኤስ ትልቁ የመነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ ግራም ነው። ክብደት 10 በመቶ ሲጨምር የመነሻ ርቀት 20 በመቶ ያህል ይረዝማል። ተሳፋሪን ስለ ክብደቱ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው ስለ ራሱ ይቀንሳል፣ ስለ ሻንጣው ደግሞ ጭራሽ ይረሳል። ለዘመድ የተያዘ የማር ጀሪካን፣ የቅቤ ቅል፣ የበርበሬ ከረጢት «ቀላል ነገር» ተብሎ ከኋላ ይገባል፤ ከኋላ የገባው ክብደት የአውሮፕላኑን ሚዛን ወደ ጭራው ስለሚስበው አፍንጫው ያለጊዜው ይነሳል። ስለዚህ ሁሉንም በሚዛን ያስቀምጡ። ሊጠቅም የሚችለው የነዳጅ መጠን 200 ሊትር ያህል ሲሆን ይህም 144 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለአጭር በረራ ታንክ መሙላት ሁለት ጆንያ ያለ ምክንያት መሸከም ማለት ነው። ለጉዞው፣ ለተለዋጭ ማረፊያና ለመጠባበቂያ የሚያስፈልገውን ግን በምንም ምክንያት አይቀንሱ።

*ስሌቱ ካልሞላ*

ተሳፋሪ ይቀንሱ፤ በሁለት ዙር ይመላለሱ፤ ወይም እስከ ነገ ጠዋት ይጠብቁ። ስሌቱን «ትንሽ ንፋስ ከመጣ ይበቃል» ብለው አያስተካክሉት።

ደረጃ 2፦ አውሮፕላኑን ዞረው ይመልከቱ

ቼክሊስቱን ይዘው ይዙሩ። ሁሉንም እዚህ አልደግመውም፤ መነሳትን በቀጥታ የሚያበላሹትን አራት ነገሮች ብቻ እጠቅሳለሁ።

1. የመሪ መቆለፊያውን ያውጡ። ከዚያ መሪውን እስከ ዳር ድረስ በሁሉም አቅጣጫ ያንቀሳቅሱና ኤሌሮኑና ኤሌቬተሩ (በክንፉና በጭራው ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ጠፍጣፎች) ወደ ትክክለኛው ወገን መሄዳቸውን በዓይንዎ ይዩ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ራይት ፊልድ የቦይንግ ሞዴል 299 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የወደቀው መቆለፊያው ሳይነሳ በመነሳቱ ነው፤ በአብራሪዎች እጅ ያለው ቼክሊስት የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው።
2. የፒቶ ቱቦውን (ለፍጥነት መለኪያው አየር የሚቀበለውን ቱቦ) ሽፋን ያንሱና ቀዳዳውን ይመልከቱ። ለቀናት የቆመ አውሮፕላን ከሆነ ነፍሳት ጎጆ ሠርተውበት ሊሆን ይችላል። ቱቦው ከተዘጋ ፍጥነት መለኪያው አይሠራም። በሽቦ ወይም በእንጨት ለመክፈት አይሞክሩ፤ ሜካኒክ ይጥሩ።
3. ከእያንዳንዱ ማውጫ ነዳጅ ይቅዱና ውሃ እንደሌለው ያረጋግጡ። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ክንፉን ቀስ ብለው ካናወጡት በኋላ እንደገና ይቅዱ። የቀዱት በሙሉ ውሃ ከሆነ ወጥ ሆኖ ስለሚታይ ያሳስታል፤ ቀለሙንና ሽታውን ይለዩ።
4. ወንበርዎን አስተካክለው ከቆለፉ በኋላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍተው ይፈትኑት። በሴስናዎች ላይ የወንበር ሐዲድና ካስማ ሲያረጅ ወንበሩ በመንደርደር ላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት አጋጣሚ የታወቀ ነው። አብራሪው ሲንሸራተት የሚጨብጠው መሪውን ስለሆነ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ይጎትተዋል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን ይፈትኑ

*ማግኔቶ*

1. ሞተሩን በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ያድርጉ።
2. እያንዳንዱን ማግኔቶ (ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን መሣሪያ) በተራ ያጥፉ። የአንዱ መቀነስ ከ150 ዙር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ50 ዙር መብለጥ የለበትም።
3. ሞተሩ ከተንገጫገጨ ካንዴላው በነዳጅ ጥላሸት ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሚክስቸሩን ቀንሰው ለአጭር ጊዜ ከፍ ባለ ዙር ያሠሩትና ፈተናውን ይድገሙት። አሁንም ካልተስተካከለ ይመለሱ። ደጋ ላይ ይህ ችግር የሚደጋገመው አብራሪዎች ሚክስቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ረጅም መንገድ በመሬት ላይ ስለሚጓዙ ነው።

*ሚክስቸር*

ከቆላ የመጣ አብራሪ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ለመነሳት ሚክስቸር ሙሉ ክፍት» የሚለው ትምህርት ለባሕር ጠለል የተሰጠ ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ባለበት ከቀጠለ ሞተሩ በነዳጅ ብዛት ይታፈናል፤ ካለው ሲሦ ያህል ባጣው ጉልበት ላይ ሌላ ኪሳራ ይጨመርበታል። የሴስና መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ሲነሱ ሚክስቸሩ እንዲስተካከል ያዛል። አደራረጉ ይህ ነው።

1. ከኋላዎ ሰው፣ አውሮፕላንና ጠጠር እንደሌለ ያረጋግጡ።
2. ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ትሮትሉን (የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያውን) ሙሉ በሙሉ ይግፉ።
3. ሚክስቸሩን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሳቡ። ዙሩ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ ከፍተኛው ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል።
4. መውረድ እንደጀመረ ወደ ከፍተኛው ዙር ይመልሱና እዚያው ይተዉት።

ይህን የሚያደርጉት ለመብረር በተዘጋጁበት ቦታ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ያስተካከሉት ቦሌ ላይ አይሠራም። ወደ ቆላ ሲወርዱ መልሰው መክፈትዎንም አይርሱ። ሞተርዎ ተርቦ ያለው ከሆነ ግን ይህ አሠራር አይመለከትዎትም።

*በእጅ እየነኩ የሚያረጋግጡት*

የነዳጅ መምረጫው «ሁለቱም» ላይ፤ ትሪሙ (የመሪውን ጫና የሚያስተካክለው) የመነሻ ምልክቱ ላይ፤ ፍላፑ በስሌትዎ ውስጥ በተጠቀሙበት ልክ፤ በሮች ተቆልፈው። የካርቡሬተር ሙቀት (በረዶ እንዳይዝ ሞቃት አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ባላቸው የቀድሞ ሞዴሎች ላይ ሙቀቱ መዘጋቱን ይዩ፤ ክፍት ከተተወ ጉልበት ይበላል።

አርፈው ወዲያው በሚነሱበት ልምምድ ላይ ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መደረግ ስላለበት ስህተት ይበዛል፤ ፍላፑ ሙሉ በሙሉ እንደወረደ፣ ትሪሙም ለማረፍ እንደተስተካከለ ይቀራል። በእኔ አመለካከት ደጋ ላይ ያለ ጀማሪ ይህን ልምምድ ትቶ አውሮፕላኑን ሙሉ በሙሉ አቁሞ ከመጀመሪያው ቢጀምር ይሻለዋል፤ የሚያጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ደረጃ 4፦ የሚያቆሙበትን ቦታ አስቀድመው ይወስኑ

በመንደርደር ላይ እያሉ መወሰን አይቻልም። ጆሮዎ በሞተር ድምፅ ተሞልቶ፣ ተሳፋሪ አጠገብዎ ተቀምጦ፣ መሬቱ እየሮጠ ሳለ አእምሮ የሚያዘነብለው ወደ መቀጠል ነው። ውሳኔው ፍሬኑን ከመልቀቅዎ በፊት ይደረግ።

የተለመደው ደንብ በማኮብኮቢያው ግማሽ ላይ የመነሻ ፍጥነትዎን 70 በመቶ ካላገኙ ያቁሙ ይላል። የመነሻ ፍጥነት 55 ኖት ከሆነ 70 በመቶው 39 ኖት ገደማ ነው። ይህ ደንብ ለአጭር ሜዳ ጥሩ ነው፤ በ3,800 ሜትር ማኮብኮቢያ ላይ ግን ግማሹ 1,900 ሜትር ስለሆነ ምንም አይነግርዎትም። እስከዚያ ድረስ ያልተነሳ ሴስና ከባድ ችግር ያለበት ነው። በረጅም ማኮብኮቢያ ላይ እንዲህ ያድርጉ።

1. በደረጃ 1 ያገኙትንና በ1.5 ያባዙትን የመሬት ላይ መንደርደሪያ ይውሰዱ። ለምሳሌ 1,050 ሜትር ይሁን።
2. ከሚጀምሩበት ቦታ ያንን ርቀት የሚያመለክት የሚታይ ነገር ይምረጡ፦ መውጫ መንገድ፣ የርቀት ሰሌዳ፣ ወይም የጠርዝ መብራቶች። በትልልቅ ማኮብኮቢያዎች ላይ የጠርዝ መብራቶች አብዛኛውን ጊዜ በየ60 ሜትሩ ስለሚተከሉ 17 መብራት 1,020 ሜትር ይሆናል።
3. ጮክ ብለው ይናገሩ፦ «እዚያ መውጫ ላይ ጎማዬ ከመሬት ካልተላቀቀ ትሮትል እዘጋለሁ። ሞተር መሬት ላይ ከተቋረጠ አቆማለሁ። ከተነሳሁ በኋላ ከተቋረጠ አፍንጫ አወርዳለሁ፣ ከፊት ለፊቴ አርፋለሁ።»

ብቻዎን ቢሆኑም ይናገሩት።

ደረጃ 5፦ ወደ ማኮብኮቢያው ይግቡ

1. ማኮብኮቢያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡና ከኮምፓስዎ ጋር ያመሳክሩ። 07 ከሆነ ኮምፓሱ 070 አካባቢ ማሳየት አለበት። ቦሌ ላይ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች ስላሉ ኮምፓስ ብቻውን አይለያቸውም፤ «ግራ» ወይም «ቀኝ» የሚለውን ከታወር (ከመቆጣጠሪያ ማማው) የተቀበሉትን ፈቃድ በወረቀት ይጻፉ።
2. የንፋስ ከረጢቱን ይመልከቱ። ከኋላ እየነፈሰ ከሆነ ስሌቱ ፈርሷል፤ ሌላ አቅጣጫ ይጠይቁ።
3. ከመካከለኛ መውጫ እንዲነሱ ቢጠየቁ ስሌትዎ ካልፈቀደ «አልችልም» ይበሉ። ከኋላዎ ያለው ማኮብኮቢያ ምንም አይጠቅምዎትም።
4. ከእርስዎ በፊት ትልቅ ጄት ከተነሳ ይቆዩ። ከክንፉ ጫፍ የሚወጣው ሽክርክሪት አየር ሴስናን ሊገለብጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ ደንብ ከከባድ አውሮፕላን ኋላ ለሚነሳ ቀላል አውሮፕላን 2 ደቂቃ፣ ከመካከለኛ መውጫ ከሆነ ደግሞ 3 ደቂቃ ያዛል። ታወሩ ቢያጣድፍዎም ተጨማሪ ጊዜ የመጠየቅ መብት አለዎት።

ደረጃ 6፦ ይንደርደሩ

1. ተረከዝዎን ወለሉ ላይ ያድርጉ፤ የእግር ጣትዎ ፍሬን ላይ እንዳይቀር። ፍሬን ሳያውቁ እየነኩ መንደርደር ርቀትን የሚያስረዝም ድብቅ ስህተት ነው።
2. ትሮትሉን በ2 ወይም 3 ሰከንድ ውስጥ በተረጋጋ እጅ እስከ መጨረሻው ይግፉ፤ እጅዎንም እዚያው ያቆዩ።
3. የሞተሩ ጉልበት አፍንጫውን ወደ ግራ ይስበዋል፤ በቀኝ ሩደር (በእግር በሚገፋው የጭራ መሪ) ይያዙት። በመሪው ለማቅናት አይሞክሩ፤ መሬት ላይ አቅጣጫ የሚይዘው እግር ነው።
4. የጎን ንፋስ ካለ መሪውን ንፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ሙሉ በሙሉ አዙረው ይጀምሩ፤ ፍጥነት ሲጨምር ቀስ በቀስ ይመልሱ። ለዚህ አውሮፕላን በሙከራ የታየው የጎን ንፋስ 15 ኖት ነው።
5. ሦስት ነገር ይዩና ይናገሩ፦ የሞተር ዙር የሚጠበቀው ላይ ነው፤ የዘይት ግፊትና ሙቀት አረንጓዴው ውስጥ ነው፤ ፍጥነት መለኪያው ተንቀሳቅሷል። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ትሮትል ይዝጉ።

አሁን ዓይን የሚያታልልበት ቅጽበት ይመጣል። በ10,000 ጫማ ዴንሲቲ አልቲትዩድ መለኪያው 55 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 64 ኖት ገደማ ነው። መሬቱ ከለመዱት በላይ ፈጥኖ ስለሚያልፍ «ፍጥነት ሞልቷል» የሚል ስሜት መለኪያው ገና 46 ወይም 47 ላይ እያለ ይመጣል። ያን ጊዜ መሪውን የሚስብ አብራሪ የአፍንጫውን ጎማ አንሥቶ ክንፉን በአየር ላይ እንደ ፍሬን ያቆመዋል፤ ፍጥነት ማደጉን ያቆማል፣ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ወደ ላይ እንዳቀና እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይሮጣል። መለኪያውን ይመኑ። ቁጥሩም ደጋ ላይ አይለወጥም፤ ቆላ ላይ 55 ከሆነ ደጋም ላይ 55 ነው።

*አፍንጫው ያለጊዜው ከተነሳ*

መሪውን በቀስታ ያላሉና አፍንጫውን ወደ መንደርደሪያ አቀማመጥ ይመልሱ። የመረጡት ምልክት ገና ከሆነ ይቀጥሉ፤ ካለፈ ያቁሙ። በድንገት አይግፉ፤ የአፍንጫው ጎማ መሬት ከመታ ፕሮፔለሩም ሊመታ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ከመሬት ይላቀቁ፣ ነገር ግን አይቸኩሉ

በ55 ኖት መሪውን በቀስታ ይሳቡ። አውሮፕላኑ ከተላቀቀ በኋላ ከክንፉ ርዝመት ባነሰ ከፍታ ላይ፣ ማለትም ለዚህ አውሮፕላን ከ11 ሜትር በታች፣ መሬቱ የክንፉን የአየር ሽክርክሪት ስለሚገድበው መጎተት ይቀንስለታል። እዚያ የሚበር የሚመስል አውሮፕላን ጥቂት ሜትር ከፍ ሲል መብረር ያቅተዋል። በደጋ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ይህን አጥብቄ እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱም አብራሪው ተሳካ ብሎ ባመነበት ሰከንድ ላይ ነው የሚመጣው።

1. እንደተላቀቁ አፍንጫውን በመጠኑ ዝቅ አድርገው ከማኮብኮቢያው በላይ በዝቅታ ይፍጠኑ።
2. 70 ኖት አካባቢ ሲደርሱ ብቻ መውጣት ይጀምሩ። በ10,000 ጫማ የተሻለ መውጫ ፍጥነት 72 ኖት ነው።
3. ፍላፑን ያንሱ፤ ነገር ግን መሰናክሉን ካለፉና ከ60 ኖት በላይ ከሆኑ በኋላ።
4. ቢያንስ 500 ጫማ ከመሬት እስኪወጡ አይዙሩ። ሲዙሩም ክንፉን በጥቂቱ ብቻ ያዘንብሉ፤ በ45 ዲግሪ መታጠፍ ክንፉ አየር መሸከም የሚያቅተውን ፍጥነት 19 በመቶ ከፍ ያደርገዋል።

*የስቶል (የክንፉ መሸከም ማቃት) ማስጠንቀቂያው ከጮኸ*

አፍንጫውን ያውርዱ። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ እጅ ወደ ራሱ መሳብ ይፈልጋል፤ አይስጡት።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ሲበላሽ

*ሞተር መሬት ላይ ከተቋረጠ ወይም ካቆሙ*፦ ትሮትል ይዝጉ፣ ፍሬን ይያዙ፣ ፍላፕ ያንሱ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ከዚያ ለታወር ይናገሩ። ንግግሩ መጨረሻ ነው።

*ሞተር ከተነሱ በኋላ ከተቋረጠ*፦ ወዲያው አፍንጫውን ያውርዱና ፍላፕ ከሌለ 70፣ ፍላፕ ካለ 65 ኖት ይያዙ። ከፊት ለፊትዎ ወደ ግራና ቀኝ በትንሽ መታጠፍ የሚደረስበትን ባዶ ቦታ ይምረጡ። ወደ ማኮብኮቢያው ለመመለስ አይዙሩ፤ ከዝቅተኛ ከፍታ የሚደረግ መመለስ ከ180 ዲግሪ በላይ መዞርን ስለሚጠይቅ አብራሪው ሳያውቀው ጠበቅ አድርጎ ይታጠፋል፣ ክንፉም ይከዳዋል። እየተቆጣጠሩት የእርሻ ማሳ ላይ ያረፈ አውሮፕላን ተሳፋሪውን ያተርፋል። ጊዜ ካለ የነዳጅ መዝጊያውን ይዝጉ፣ በሩን ገርበብ ያድርጉ፣ ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ያጥፉ።

*ሞተሩ ሳይቋረጥ ጉልበት ካነሰው*፦ በሚክስቸር ወይም በካርቡሬተር ሙቀት ስህተት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን በእጅ ይንኩ። ፍጥነትዎን ግን አይሠዉ።

*በር ከተከፈተ*፦ ድምፁ ያስፈራል፤ አውሮፕላኑ ግን ይበራል። መሬት ላይ ከሆኑና ማኮብኮቢያ ካለ ያቁሙ። አየር ላይ ከሆኑ በሩን ለመያዝ አይዘርጉ፤ አብራሪ የሚወድቀው በበሩ ሳይሆን ከበሩ ጋር ሲታገል ነው። በማረፊያው ዙሪያ የሚደረገውን መደበኛ ዙር ጨርሰው ይረፉ።

*ፍጥነት መለኪያው አየር ላይ ካቆመ*፦ ሙሉ ጉልበትና የለመዱትን የመውጫ አፍንጫ አቀማመጥ ይያዙ። የፒቶ ሙቀትን ያብሩ። በማረፊያው ዙሪያ እየዞሩ ለታወር ያሳውቁና ይመለሱ።

*ወንበር ከተንሸራተተ*፦ መሪውን ይልቀቁ፤ ትሮትሉን ይሳቡ። በዚህ ቅደም ተከተል።

*ወፍ*፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 1988 በባሕር ዳር ቦይንግ 737 ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱን ሞተሮች መትቶ 35 ሰዎች ሞተዋል። ጄት ነበር፤ ርግቡ ግን ለሴስናም ያው ነው። ከመንደርደርዎ በፊት ማኮብኮቢያውን እስከ ጫፉ ይቃኙ፤ መንጋ ካለ ታወሩ እንዲያስበርር ይጠይቁና ይጠብቁ። በመንደርደር ላይ ከተነሳብዎ ማቆም ከቻሉ ያቁሙ። አየር ላይ ከሆኑ ወፎች ሲደነግጡ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ስለሚጠልቁ ፍጥነትዎ እስከፈቀደ ወደ ላይ ይለፉ።

ካቆሙ በኋላ ሁለተኛ ሙከራ

መነሳቱን ካቋረጡ ማኮብኮቢያውን ለቀው ወደ ፈተና ቦታው ይመለሱና ምክንያቱን በስሙ ይጥሩት፦ ሚክስቸር ነበር፣ በር ነበር፣ ንፋስ ዞሮ ነበር። ምክንያቱን ካላገኙ ወደ ማቆሚያው ተመልሰው ሞተሩን ያጥፉ። ካገኙትና ካረሙት ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ሙቀቱን እንደገና ያንብቡ፣ ስሌቱንም ከደረጃ 1 ጀምረው ይድገሙት፤ በመጠበቅ ላይ ሳሉ ፀሐይዋ ከፍ ብላ፣ ጠዋት የሠሩት ቁጥር የማለዳ ቁጥር ሆኖ ይቀራልና።